የአካይቲ የጠዋት እግሮች

አካይቲ በስምንት ዓመቷ የጠዋት እግርና የከሰዓት እግር ነበራት። የከሰዓቶቹ ማንጎ ዛፍ ላይ ይወጣሉ፣ የጎረቤት ዶሮ ያሯሩጣሉ፣ ከደሴታቸው የአሩታንጋ ወደብ ግንብ ላይ ተንደርድረው ባሕር ውስጥ ይዘላሉ። የጠዋቶቹ ግን ከአልጋ መውረድ ያቅታቸዋል። ከእንቅልፏ ስትነቃ ጉልበቶቿ ሲሚንቶ እንደ ተሞሉ ግትር ይላሉ። ግድግዳ ይዛ፣ ወንበር ተደግፋ፣ የበረንዳውን ደረጃ ደግሞ በቂጧ እየተንሸራተተች ትወርዳለች።

እናቷ ፖኮ በአንዲት የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ቁርስ አብሳይ ስለሆነች ጠዋት ጠዋት የምታባክነው ጊዜ የላትም።

"አንቺ ልጅ፣ ትናንት እንደ ፍየል ስትዘዪ አልዋልሽም? ትምህርት ቤት ሲባል ነው እግር የሚታመመው?"

"እማ ሙች፣ እውነቴን ነው። አይታጠፍልኝም።"

"ምላስሽ ግን ደህና ይታጠፋል!"

አካይቲ ምን ብላ ታስረዳ? ቀትር ላይ ስትሮጥ ያያት ሰው ጠዋት ማነከሷን እንዴት ይመናት? በየቀኑ ሰልፉ ካለቀ በኋላ ስለምትደርስ ልጆቹ "ኤሊቷ መጣች!" እያሉ ይቀበሏታል። እሷም አብራቸው ትስቃለች። ሳቋ ግን ከጥርስ አያልፍም ነበር።

ነገሩን የለዩት የእናቷ አክስት ማማ ቫይኔ ናቸው። አውሎ ነፋስ የቤታቸውን ጣሪያ ሲወስድባቸው እነ አካይቲ ቤት ገቡና ከልጅቷ ጋር አንድ ክፍል ተጋሩ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ከለጋ የኮኮናት ቅጠል ባርኔጣ ይሠራሉ፤ ጣታቸውንም ጉልበታቸውንም ቁርጥማት ከያዘው ቆይቷል። በመጀመሪያው ጠዋት ሁለቱም ከየአልጋቸው ተነስተው፣ አንዷ በዚህኛው አንዷ በዚያኛው ግድግዳ ተደግፈው እየተጎተቱ በሩ ላይ ተገናኙ። ተያዩ፤ ከዚያ በሳቅ ፈረሱ።

"ኑ ብሎ የጠራን አለ እንዴ?" አሉ ማማ ቫይኔ። "በይ፣ ውሃ በርሜሉ ጋ ማን ቀድሞ ይደርሳል?"

ማማ ቫይኔ ቀደሙ። በማግስቱም ቀደሙ። በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን ቀድመው፣ በርሜሉን መታ መታ እያደረጉ ጨፈሩ። በአምስተኛው ቀን ግን መንገድ ላይ ቆሙና ዘወር ብለው ልጅቷን አዩዋት። ሳቃቸው ጠፋ። ተመልሰው ቀሚሷን ገለጥ አድርገው ጉልበቷን ዳበሱት። ግራው ከቀኙ ወፍሯል፤ ትኩስም ነው።

"ፖኮ! ነይ እስቲ ወዲህ!"

"ማማ፣ እንግዶቹ እየጠበቁኝ ነው!"

"ይጠብቁ! እኔ የሰባ አንድ ዓመት አሮጊት የስምንት ዓመት ልጅ በሩጫ ቀደምኩ። አምስት ቀን ሙሉ! ይኼ ጤና ነው?"

"ታዲያ ምን ሊሆን ነው? ቁርጥማት እንደሁ የትልቅ ሰው በሽታ ነው።"

"ልጄ፣ ከዚህ በሽታ ጋር ሃያ ዓመት አብሬ ኖሬያለሁ። ሌላ ሰው ላይ ተቀምጦ ሳየው እስተዋለሁ?"

ፖኮ ሽርጧን ፈታች። የዚያን ቀን እንግዶቹ ቁርሳቸውን ራሳቸው ሠርተው በሉ።

ኮረብታው ላይ ባለው ሆስፒታል ሲስተር ሜሬአና የልብስ ሰፊ ሜትር የመሰለ መለኪያ አውጥታ ሁለቱንም ጉልበቶች ለካች፣ ቁርጭምጭሚቶቹን ጫን ጫን አደረገች፣ ከዚያ ልጅቷን በጀርባዋ አስተኝታ ተረከዞቿን ገጣጠመች። የግራው እግር በአንድ ጣት ውፍረት ረዝሟል።

"ያበጠ ጉልበት ደም ይበዛበትና አጥንቱ ከጓደኛው ቀድሞ ያድጋል" አለች። "የምታነክሰው በሕመሙም በርዝመቱም ነው። ወደ ትልቋ ደሴት ወደ ራሮቶንጋ ሂዱ፤ የልጆች መገጣጠሚያ ሐኪም በሚቀጥለው ሳምንት ከኒው ዚላንድ ትመጣለች።"

አካይቲ አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ አፍንጫዋን ከመስኮቱ ላይ አላነሳችም። ሐኪሟ ረጅም ሴት ናት፤ ልጅቷን ለማየት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

"ጠዋት ስትነሺ ምን ያህል ጊዜ ነው ገትሮ የሚይዝሽ?"

"ማማ ቫይኔ የአንድ ባርኔጣ ጠርዝ እስኪጨርሱ።"

ሐኪሟ ግራ ተጋብታ ፖኮን አየቻት።

"አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል" አለች ፖኮ። "እኔ… እኔ ስንፍና መስሎኝ ነው።"

"ሰነፍ ልጅ ቀኑን ሙሉ ነው የሚሰንፈው" አለች ሐኪሟ። "ጠዋት ብቻ የሚሰንፍ መገጣጠሚያ ነው። አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ ብዙ እናት እንደዚሁ ይመስላታል። ይኼ የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት ይባላል።"

ፖኮ እንባዋ መጣ። አካይቲ ግን ፊቷ በራ።

"ስም አለው ማለት ነው?"

"አለው።"

"እማ፣ ሰማሽ? ስም አለው!"

አስተኝተው ጉልበቷ ውስጥ መርፌ ሰጧት። በየሳምንቱ ዓርብ የምትውጠው ክኒን ታዘዘላት። በሽታው ዓይን ውስጥም ድምፁን አጥፍቶ ይገባልና በየሦስት ወሩ ዓይኗን እንድትታይ፣ በቀኝ ጫማዋ ሥር ደግሞ ከፍ የሚያደርግ ንጣፍ እንዲገባ ተባለ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ስድስት ዓይነት እንቅስቃሴ ወረቀት ላይ ሥሎ ሰጣትና "ከሁሉ የሚሻለው ውሃ ውስጥ መሥራቱ ነው። እናንተ አገር ውሃ አይጠፋም መቼም" ብሎ ሳቀ።

ደሴታቸው አይቱታኪ ላይ ውሃ አይጠፋም። ቤታቸው ደጃፍ ያለው፣ በኮራል የታጠረው ባሕር ጠዋትም ለብ ያለ ነው። አካይቲ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ የኮኮናት ግንድ ላይ ሰቀለችና ከማማ ቫይኔ ጋር ገቡ። ማማ ቫይኔ ከነአበባማ ቀሚሳቸው ነው የገቡት፤ ቀሚሱ እንደ ጃንጥላ ተነፍቶ ተንሳፈፈ።

ፓፓ ታንጊ የሚባሉ ጡረተኛ ዓሣ አጥማጅ በዚያ ሲያልፉ ሞተር ሳይክላቸውን አቆሙ።

"ጉድ ነው! ዛሬ ሁለት ዓሣ ነባሪ ገብቶልናል!"

"ያንን ሽባ ጉልበትህን ይዘህ ግባ እንጂ ዳር ቆመህ አትጩህ!" አሉ ማማ ቫይኔ።

በሦስተኛው ቀን ፓፓ ታንጊ ገቡ። ቀጥሎ ዳሌያቸውን የሚያማቸው የቄሱ ሚስት መጡ። ሁለት ወር ሳይሞላ ዘጠኝ ሽማግሌና አሮጊት ጠዋት ጠዋት ባሕሩ ውስጥ ተሰልፎ ይታይ ጀመር። አለቃቸው አካይቲ ናት።

"ጉልበት ወደ ላይ! አንድ፣ ሁለት… ፓፓ ታንጊ፣ አያጭበርብሩ! እግርዎ መሬት ነክቷል፣ አይቻለሁ!"

"አሸዋው ነው ወደ እኔ የመጣው፣ አለቃ።"

"እንግዲያው ከአንድ ይጀምሩ!"

ከውሃው ስትወጣ ጉልበቶቿ ይታጠፉላት ነበር። ሮጣ ትምህርት ቤት ትደርሳለች፤ ሰልፉ ላይ ከፊት ትቆማለች።

ይሁንና የዓርቡ ክኒን ሆዷን ያገላብጠዋል። ገና ስታየው አፏ ምራቅ ይሞላል። ወራት አልፈው የጉልበቷ እብጠት ሲሟሽሽ፣ ድኛለሁ አለች በልቧ። እናቷ ውሃ ልትቀዳላት ዞር ስትል ክኒኖቹን የማማ ቫይኔ የቅጠል ቅርጫት ውስጥ ትጥል ጀመር። በአምስተኛው ሳምንት ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ሲሚንቶው ተመልሷል። ጉልበቷ እንደ ዳቦ ተነፍቶ አልታጠፍ አለ።

ባሕሩ ውስጥ የነበሩት አለቃቸውን ጠብቀው ጠብቀው ሲያጧት ተያይዘው መጡ። ዘጠኙም ውሃ እያንጠባጠቡ መኝታ ክፍሏን ሞሉት። ማማ ቫይኔ ሰሞኑን ከሥሩ ሲንኮሻኮሽ የሰሙትን ቅርጫታቸውን ወለሉ ላይ ገለበጡት። ከቅጠሉ ጋር ትናንሽ ቢጫ ክኒኖች ተንከባለሉ።

"ለአዲሱ ባርኔጣዬ ጌጥ ነው ያመጣሽልኝ?"

"እኔን ያጭበረብራል ትለኛለች!" አሉ ፓፓ ታንጊ።

አካይቲ ትራሷ ሥር ተደበቀች። "ያስመልሰኛል! እናንተን አያስመልሳችሁም!"

የቄሱ ሚስት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "የደም ግፊት ክኒኔን ስንት ጊዜ አበባ ማስቀመጫ ውስጥ እንደ ጣልኩት ቄሱ አያውቅም። እንዳትነግሪው።"

ከትራሱ ሥር ትንሽ ሳቅ ተሰማ።

ሲስተር ሜሬአና መላውን ነገረቻቸው፦ ክኒኑ ማታ፣ እራት ከተበላ በኋላ ይዋጥ፤ ሆድ የሚያረጋጋ ቫይታሚንም ይጨመርበት። ፓፓ ታንጊ ደግሞ የራሳቸውን ጨመሩ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ማታ ክኒን ያለበት ሁሉ ክኒኑን ይዞ እነ አካይቲ በረንዳ ይሰበሰባል። ፖኮ የተቀቀለ ጎደሬና በሎሚና በኮኮናት ወተት የራሰ ዓሣ ታቀርባለች። ተበልቶ ሲያበቃ ሁሉም የኮኮናት ውሃውን ያነሳል።

"ለጉልበታችን!" ትላለች አካይቲ።

"ለጉልበታችን!" ይሉና በአንድ ላይ ይውጣሉ። አንዳንድ ዓርብ ሆዷ አሁንም ይረበሻል፤ ያን ጊዜ ፓፓ ታንጊ የጊታር ክር እየመቱ እስኪያልፍላት ያዘፍኗታል።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ክፍሏ ማኡንጋፑን ሊወጣ ሆነ። የደሴቲቱ ትልቁ ኮረብታ ነው። መምህሯ ልጆቹን ሁልጊዜ በጠዋት ነበር የሚያወጡት።

"አካይቲ፣ አንቺ ከታች ሆነሽ ውሃ ብትጠብቂልንስ?" አሏት።

"ቲቸር፣ ጠዋት ከሆነ እጠብቃለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሆነ ግን እወጣለሁ።"

መምህሯ ትንሽ አሰቡ፤ በኤሊነቷ ዘመን ስንት ቀን ከሰልፉ ኋላ ያቆሟት እሳቸው ናቸው። "ዘጠኝ ሰዓት ይሁን" አሉ። "ለእኔም ከምሳ በኋላ ይሻለኛል።"

ወጣች። ሁለት ጊዜ ቁጭ ብላ ጉልበቷን አሸች፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ጫማዋን አውልቃ ንጣፉን አስተካከለች። ከመጨረሻ ሁለተኛ ሆና ነው የደረሰችው፤ የመጨረሻዋ መምህሯ ነበሩ፣ እያለከለኩ። ከላይ ባሕሩ ሁሉ፣ ሰማያዊውም አረንጓዴውም፣ ነጩ የአረፋ አጥርም እግሯ ሥር ተዘርግቶ አየችው። ሁለት እጇን አፏ ዙሪያ እንደ ጡሩምባ አድርጋ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

ጩኸቱ ኮረብታው ሥር ሙዝና ትኩስ ቦምቦሊኖ ይዘው ለሚጠብቁት ሽማግሌዎች ደረሰ።

"ደርሳለች!" አሉ ፓፓ ታንጊና ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወረወሩ።

ማማ ቫይኔ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ። "እኔም ልውጣ።"

"ቫይኔ፣ አብደሻል?"

"እስከምችለው ነዋ!"

አካይቲ ስትወርድ ማማ ቫይኔን ከመንገዱ መጀመሪያ ሠላሳ እርምጃ ያህል ከፍ ብለው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊታቸው በላብ ወዝቶ አገኘቻቸው። እንደ ንግሥት ነበር የተቀመጡት።

"ማማ! እዚህ ድረስ ብቻዎን ወጡ?"

"ብቻዬን። እይታው እንዴት ነው አትዪኝም?"

አካይቲ ዞር ብላ አየች። ከዚያ የሚታየው የአንድ ቤት ጣሪያ፣ የተሰጣ ልብስና ሁለት ዶሮ ነው።

"በጣም ያምራል" አለችና አጠገባቸው ቁጭ አለች። ፓፓ ታንጊ ቦምቦሊኖውን ይዘው፣ በየእርምጃው እየተራገሙ፣ ወደ እነሱ መውጣት ጀመሩ።