«ያመኛል» ማለትን ያስተማረኝ ጌታ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ! ዛሬ ይህን ሳልናገር ልቀመጥ ብል አያስቀምጠኝም። የምመሰክረው ሳላምን ስለኖርኩበት ዘመን ነው። ሳላምን ስላችሁ ደግሞ ውጭ ሆኜ አይደለም፤ እዚሁ የመዘምራን ልብስ ለብሼ ነው። ጌታ ይባረክ!

እዚህ ሸነን ከተማ ሦስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ድንገት ውሃ ጥም ያዘኝ። አንድ ጆግ ጠጥቼ ሳላስቀምጠው እንደገና ይጠማኛል። ሰውነቴ አለቀ፤ ቀሚሴ የሰው ቀሚስ መሰለ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ፊደል ይንሳፈፍብኝ ጀመር፤ የልጆቹን ፊት በጭጋግ ውስጥ አያለሁ። አልዋሻችሁም፣ ደስ የሚልም ነገር ነበረው፤ ቀኑን ሙሉ ህልም ውስጥ የምሄድ ይመስለኝ ነበር።

ሽማግሌያችን ኦቦ ገመዳ ጸለዩልኝ። እኔም በዚያው እሁድ እዚህ ቆሜ «ተፈውሻለሁ!» አልኩ። እልል አላችሁ። ሕመሙ ግን አልሄደም። የኛን ነገር ታውቃላችሁ፤ ተፈወስኩ ብሎ የመሰከረ ሰው ተመልሶ «ያመኛል» ካለ ፈውሱን ጣለ ይባላል። ስለዚህ ባለቤቴ ቶሎሳ «አስቴር፣ ምን ሆነሻል?» ሲለኝ «ደህና ነኝ»። ዳይሬክተሩ ሲጠይቁኝ «ደህና ነኝ»። ክፍል ውስጥ እንኳ «ደህና ነኝ» እያልኩ ነው የወደቅኩት!

ቶሎሳ አምቦ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። መንገዱን አላስታውሰውም፤ ዛፎቹ በቀስታ ሲዋኙ ብቻ ትዝ ይለኛል። ዶክተሯ «ምን ይሰማሻል?» አለችኝ።

«ምንም። በጌታ ደህና ነኝ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እህቴ፣ የምላስሽን መድረቅ እኔ አያለሁ። ትኩሳትሽን መሣሪያ ይነግረኛል። የሚሰማሽን ግን ካንቺ በቀር ማንም አያውቀውም። እሱም የበሽታው ምልክት ነው፤ የት መፈለግ እንዳለብኝ የሚያሳየኝ። መናገርሽ አያሳምምሽም፤ የታመምሽው ሳትናገሪ ነው።»

«እባክሽ ንገሪያት» አለ ቶሎሳ እያለቀሰ።

ፈራሁ። የፈራሁት ሞትን አይደለም፤ እናንተን ነው። ዓይኔ ሲከደን ሰፊ፣ ጸጥ ያለ ውሃ አየሁ፤ የወንጪን ሐይቅ ይመስላል። ዳር ላይ አንድ ሰው ቆሞ እሱም «ምን ይሰማሻል?» ይለኛል። አይቆጣም፣ አይቸኩልም፤ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። ወንድሞቼ፣ ለዓመታት ስዘምርለት የማላውቀው ጌታ እሱ ነበር! ሃሌ ሉያ!

«ጠምቶኛል» አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ለሽንት መመላለሴን፣ መክሳቴን፣ የዓይኔን ነገር። ዶክተሯ ወዲያው ደሜን አስመረመረች። «ስኳር ነው። ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ አናገኝሽም ነበር» አለች።

ኦቦ ገመዳ አልጋዬ ድረስ መጡ። ተግሣጽ ስጠብቅ ጠጋ ብለው «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔም ይህ ጆሮዬ ተፈወሰ ብዬ መስክሬ ነበር። እስከ ዛሬ አይሰማም። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት» አሉኝ። ሳቅንም፣ አለቀስንም። ይህን የምናገረው እሳቸው ፈቅደውልኝ ነው።

ዛሬም ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊኔን እወጋለሁ። መርፌውን ሳነሳ «ዋቀዮፍ ገለታ! ለእግዚአብሔር ምስጋና!» እላለሁ። ልጆቼን አስተምራለሁ፣ ፊታቸውንም አጥርቼ አያለሁ። እሱን እመኑት፣ ወገኖቼ! እሱ ፊት ማስመሰል አያስፈልግም፤ ነገ ሐኪሙም ፊት እንደዚያው። አሁን ከመካከላችን «ያመኛል» የሚል ሰው ካለ ወደ ፊት ይውጣ። ዛሬ እልል የምለው ለዚያ ሰው ነው።