ከኖታው አናት ላይ ያለችው ነጥብ

ተስፋማርያም ኢምፔሪያል አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ሱቁ ቁልፍ ይቀርጻል። የአሥር ዓመት ልጁ ሰብሊ ፒያኖ ስትጀምር የሰፈሩ ሰው «አባትየው የበር ቁልፍ፣ ልጅቱ የፒያኖ ቁልፍ» እያለ ሲቀልድ፣ ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው እሱ ነበር። ደስታው አይፈረድበትም፤ በልጅነቱ ጎጃም ውስጥ ስድስት ዓመት የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተምሮ፣ ድጓውን ሳይጨርስ አባቱ ሞተውበት ሥራ ፍለጋ የመጣ ሰው ነው።

ሰብሊን ያስጀመረቻት በአያት ኮንዶሚኒየም ልጆች ሰብስባ በነጻ የምታስተምረው ብሩክታይት ናት። አምስቱን መስመር፣ አራቱን ክፍተት፣ አራት ምት የሚቆየውን ሙሉ ኖታ፣ ሁለት የሚቆየውን ግማሽና አንድ የሚቆየውን ሩብ አስጠናቻት። ቦሌ ያለ አንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ በነጻ ሊቀበል ፈተና ሲያወጣም አስመዘገበቻት። ለሁሉም ተፈታኝ የተሰጠውን የፈተና ዜማ ወረቀት ባመጣችላት ሳምንት ግን ወለደችና ትምህርቱ ቆመ።

ወረቀቱ ላይ ሰብሊ የማታውቃት ምልክት ነበረች፤ በየኖታው አናት ላይ ጠብ ያለች ነጥብ።

«አባዬ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

እዚህ ላይ «አላውቅም» ቢል ምን ነበረበት! ግን ሰውዬው ያውቃታል። በዜማ ምልክት ከፊደል አናት የምትቀመጥ ነጥብ ይዘት ትባላለች፤ ድምፁን ያዝ ታደርጋለች።

«ይዘት ናት» አላት ኮራ ብሎ። «ጣትሽን ቶሎ አታንሺ፣ ያዝ አድርጊው።»

ሁለት ወር ሙሉ ከተዋሰላት አሮጌ ኪቦርድ አጠገብ ተቀምጦ አስያዛት።

የፈተናው ቀን ኮሪደሩ ላይ ተራ ሲጠብቁ፣ ቀድማቸው የገባች ልጅ ያንኑ ዜማ ስትጫወት ሰሙ፤ ግን ቆረጥ፣ ቆረጥ እያደረገች ነው። ሰብሊ ተጠርታ ስትገባ ልቡ አላርፍ አለውና፣ ሌላ ተፈታኝ ይዞ የመጣ መምህርን ስለ ነጥቧ ጠየቀ።

«የምታስረዝመው ከኖታው ጎን ስትሆን ነው አባት» አለው መምህሩ። «ከላይ ከሆነች ስታካቶ ነው የሚባለው። ነካ አድርጎ ማንሳት ነው።»

ተስፋማርያም ዘሎ በሩ ጋ ደረሰ። «ፈተና ተጀምሯል፣ ማንኳኳት አይቻልም» አለው ዘበኛው። ስንቱን የተቆለፈ በር የከፈተ ሰው ያልተቆለፈውን መክፈት አቃተው። ከውስጥ ሰብሊ እያንዳንዷን ነጥብ ያዝ፣ ያዝ እያደረገች ትጫወታለች። ያምር ነበር፤ የባሰበትም ማማሩ ነው። እዚያው እንደቆመ እስከ መጨረሻው ሰማው።

ፊቷ በርቶ ወጣች።

«አባዬ፣ አንዷንም ነጥብ አልሳትኩም!»

«ሰምቼሻለሁ» አላት።

ደረጃውን ሲወርዱ እጁን ያዘች።

«ያቺ ከኔ በፊት የገባችው ልጅ ግን አሳዘነችኝ» አለች። «ሁሉንም ቆራረጠችው። ቤቷ የሚያስጠናት ሰው የላትም መሰለኝ።»