ቀይ ክር የታሰረበት ኩባያ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ የእማማ አለምነሽ ልጅ ግቢያቸው በር ላይ ጠብቆ ያዘኝ። እናቱ ታመው ከተኙ ጀምሮ ስመላለስ ሰላም ብሎኝ ነበር የሚያልፈው። በዚያ ቀን ግን ወደ አጥሩ ጠጋ አደረገኝና በሹክሹክታ፣ «ስንዱ፣ ውጤቱ ካንሰር ነው። ለእሷ ጨጓራ ነው ብለናታል። አደራ፣ ቃሉ ከአፍሽ እንዳያመልጥ» አለኝ። አደራውን መቀበሌንም አለመቀበሌንም ሳልናገር ወደ ውስጥ ዘለቅሁ።

እማማ አለምነሽ እንደ ወትሯቸው ጉንጫቸውን አልሰጡኝም፤ የእጃቸውን ጫፍ ብቻ ዘረጉልኝ። ወንበሩንም ራቅ አድርጌ እንድቀመጥ በዓይናቸው ጠቆሙኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ደክሟቸው ይሆናል ብሎ ያልፈው ነበር። እኔ ግን ከጥንትም ጠርጣራ ነኝ። ሰው ሲያስነጥስ እንኳን ማንን ጠርቶ ይሆን ብዬ ዞር እላለሁ። ደግሞ እንዲህ ያለውን የእጅ ጫፍ ከዚያ በፊት አይቼው አውቃለሁ፤ የአባቴ ነበር።

ያኔ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምማር ልጅ ነበርሁ። አባቴ አያ ፈንታ የአዲ አርቃይ ገበሬ ነበር። ከጆሮው ሥር እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጥቶበት፣ ቅቤ ሲያሹት፣ ጸበል ሲያጠምቁት ከርሞ አልጎድል ሲል ታናሽ ወንድሙ ጋሼ ዘለቀ ከጎንደር ወርዶ አመጣው። ሊማሊሞን ሲወጡ መኪናው በዞረ ቁጥር አንገቱን በፎጣው እየሸፈነ፣ ከጎኑ ለተቀመጠው ሰው ፊቱን ሳይሰጥ እንደመጣ አጎቴ ነግሮኛል። ያን ጊዜ ለፍርሃቱ ስም አልነበረውም። ስሙን ጎንደር ላይ አገኘለት፤ ያውም የተሳሳተውን።

ሐኪሙ ለአጎቴና ለእኔ ያለውን ሳይደብቅ ነገረን። ካንሰር ነው፤ ይሄኛው ዓይነት ግን በመድኃኒት የሚሸሽ ነው፤ በደም ሥር ስድስት ጊዜ ይሰጠዋል፤ መሐል ላይ ካቋረጠ ግን ተመልሶ ይመጣል፣ ሲመለስም አይመክቱትም። አጎቴ አዘዞ ካለው ቤቱ እንደገባን በሩን ዘጋና እኔንና ሚስቱን እትዬ ውባለምን አስጠነቀቀን። «ይህች ቃል በዚህ ቤት አትነሳ። ፈንታ ከሰማት መድኃኒቱን ሳይጀምር በቃሏ ይሞታል።» ለአባቴ እጢ ነው፣ በመርፌ ይሟሽሻል አልነው። ከዚያ ወዲያ ቃሏን ብቻ ሳይሆን ድምፃችንንም ደበቅን። ስለ ሽንኩርት እንኳ ስናወራ በሹክሹክታ ሆነ።

ክረምቱን ወደ አገር ቤት ሳልሄድ እሱን ላስታምም አጎቴ ቤት ገባሁ። እውነቱን ለመናገር ሁሉም ይደክምለት ነበር። አጎቴ በየመርፌው ቀን ፈቃድ እየጠየቀ በሚኒባስ ይወስደዋል። እትዬ ውባለም የአጃ አጥሚት ታፈላለታለች፤ ሲያስመልሰው ሎሚ ቆርጣ ታሸትተዋለች። መንደሩም ቢሆን ከጉበኑ አይጠፋም። ፀጉሩ ረግፎ ራሱ እንደ ቅል ሲላጭ ጎረቤቱ ሁሉ ቆብ ይዞ መጣ፤ የቆብ ነጋዴ መስለን ነበር።

ጥርጣሬዬ የጀመረው ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ነው። አባቴ በሰማያዊ የፕላስቲክ ኩባያ ሲጠጣ አየሁ። የኩባያው ጆሮ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ምሳ ሲቀርብ እኛ ትሪውን ከበን ስንቀመጥ ለእሱ ለብቻው በሳሕን ተደርጎ ከመስኮቱ ሥር ተሰጠው። ያውም በሐምሌ ብርድ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እኛ አገር ሰውን ለብቻው ማብላት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። በሽተኛ ቀርቶ የተጣላ ሰው እንኳ ከትሪ አይለይም።

«እትዬ ውባለም፣ የአባቴ ኩባያ ምነው ክር ታሰረበት?» አልኳት ማጀት ገብቼ።

ሽንኩርቷን መክተፏን ሳታቆም፣ «እሱን ጠይቂው» አለችኝ።

«አንቺን ነው የጠየቅሁ።»

«ተይኝ ስንዱ፣ በእናትሽ ተይኝ።»

ተይኝ የሚል ሰው የሚደብቀው ነገር አለው አልኩ በልቤ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሳሁም። አባቴን ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብሎ ሳሕኑን በአመድ ሲፈትግ አገኘሁት። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ዕቃ አጥቦ የማያውቅ ሰው! ማን አዘዘህ ስለው፣ «ማን ያዘኛል? እጄን ላፍታታ ብዬ ነው» አለኝ መሬት መሬቱን እያየ። መዋሸት አይችልበትም። የአጎቴን ትንሿን ልጅ ቤዛን ከረሜላ ሰጥቼ፣ ከአያ ፈንታ ጭን ላይ ምነው ጠፋሽ ብላት፣ «እማዬ አትሂጂ አለችኝ» አለችኝ። በቃ፣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም ነበር። ለአጎቴ ብነግረው ግን፣ «የሴት ነገር አታምጪብኝ» ብሎ ጫማውን አጠለቀና ወጣ።

አባቴም በበኩሉ እኛን ይጠረጥር ነበር። አንድ ከሰዓት ዝናቡ አባርቶ በረንዳው ላይ ፀሐይ ስንሞቅ፣ ከእኔ ራቅ ብሎ እንደተቀመጠ፣ «ስንዱ፣ ዘለቀ ምነው በሩን እየዘጋ ያወራል?» አለኝ።

«ስለ መሥሪያ ቤቱ ነው አባዬ።»

«መሥሪያ ቤቱ እኔ ነኝ እንዴ? ሲወጣ እኔን እኔን ነው የሚያየው።» ጋቢውን ሰብሰብ አደረገና ደግሞ፣ «እናትሽ እንዳትመጣ ንገሪያት። ከብቱን ትጠብቅ» አለኝ። እናቴ በየቀኑ ልምጣ እያለች በስልክ ታለቅሳለች። እሱ የሚከለክላት እዚህ ቤት የደረሰበትን እንዳታይበት ነው ብዬ አመንሁ።

ሦስተኛው መርፌ እብጠቱን ወደ ለውዝ ፍሬ አወረደው። ደስ ብሎን ሳንጨርስ ጳጉሜ ላይ አባቴ አንድ ነገር አመጣ። «አራተኛውን አልወስድም። የአዲሱን ዓመት ምሳ በልቼ አገሬ እገባለሁ።» አጎቴ ለመነው፣ ተቆጣው፣ እግሩ ላይ ወደቀ። አባቴ ንቅንቅ አላለም። ያስደነገጠኝ ደግሞ የሚገባው ወደ ቤቱ አለመሆኑ ነው። «ማሳው ዳር ያለችው የዝንጀሮ መጠበቂያ ጎጆ ሸጋ ናት፤ ለአንድ ሰው ትበቃለች» አለ። ሐኪሙ ካቋረጠ ተመልሶ ይመጣል ያለው በጆሮዬ አቃጨለብኝ። አባቴን ልናጣው ነው፤ እንደ ውሻ ለብቻው ያበላችው ሴት አባራ ልትገድለው ነው አልኩ።

የእንቁጣጣሽ ዕለት እትዬ ውባለም የበግ አልጫ ሠራች። መድኃኒቱ አባቴን አፉን ስላቆሰለው በርበሬ አይችልም፤ ለእሱ ስትል ሁላችንንም በበዓል አልጫ አበላችን። እኔ ግን ይህንም ለተንኮሏ ማስረጃ አድርጌ ያዝሁት። ትሪው ቀረበ። ለአባቴ እንደ ተለመደው ሳሕኑና ያ ኩባያ፣ ውስጡ የአብሽ ውሃ ተሞልቶ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጠለት። ያን ጊዜ ተነሳሁ። ኩባያውን አነሳሁና እትዬ ውባለምን ዓይን ዓይኗን እያየሁ ግጥም አድርጌ ጠጣሁ። እስኪ ምን ትሆኚ ማለቴ ነበር።

የጮኸው አባቴ ነው። ያ አቅም ያጣ ሰው ከመቀመጫው ተፈናጥሮ ኩባያውን ከእጄ አሽቀነጠረው። «ትፊው! ትፊው ልጄ! ትፊው!» አገጬን ይዞ አፌን በጋቢው ይጠርገኛል፣ መልሶ ደግሞ እሳት እንደነካው ሰው እጁን ይሰበስባል። ልጆቹ ማልቀስ ጀመሩ።

«ነቀርሳ ነው ያለብኝ» አለ። «አውቄዋለሁ፤ ነቀርሳ ነው።»

አጎቴ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ካንሰሩን ያወቀበት መስሎት፣ «ማን ነገረህ?» አለው በለሆሳስ።

«ሆስፒታል ወረፋ ስንጠብቅ አንተ ካርድ ልታወጣ ስትሄድ ከጎኔ የነበረው ሰውዬ፣ እዚህ የሚሰለፍ የነቀርሳ ሰው ነው አለኝ። እናንተ በሩን ስትዘጉ ሰውዬው እንዳልዋሸኝ ገባኝ። ዘለቀ፣ እህታችን እቴነሽ ትዝ አትልህም? አንገቷ አብጦ፣ ደም ስታስል? በኩባያዋ የጠጡት የአክስታችን ልጆች ተከትለዋት አልሄዱም? ልጆችህን ልጨርስብህ ነው እዚህ የምቀመጠው?»

ለአባቴ ነቀርሳ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእህቱ በሽታ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ በትንፋሽና በሳል የሚጋባው። ያ የወረፋ ጎረቤቱ ግን ነቀርሳ ያለው ካንሰሩን ነው፤ ሐኪም ቤት አካባቢ ለሁለቱም ይሉታል። እኛ አንዷን ቃል ስንደብቀው እሱ ሌላዋን አንስቶ፣ ብቻውን ተሸክሟት ከርሟል።

እትዬ ውባለም እያለቀሰች ትስቅ ጀመር። «አያ ፈንታ፣ ለብቻዬ የምበላው፣ ኩባያዬንም በክር የምለየው ስእለት አለብኝ አላልከኝም? ለሰው ከነገርሽ ይፈርሳል፣ ልጆቹም አይጠጉኝ ብለህ በልጆቼ አላስማልከኝም?» ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ባሏን ሳታይ፣ «የሚጋባው ነቀርሳ አይደለም። ካንሰር ነው» አለችው።

«ውባለም!» አለ አጎቴ።

አባቴ ወደ አጎቴ አልዞረም። «ካንሰር» አለ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን በአፉ እንደሚመዝን። «እሱስ ይጋባል?»

«አይጋባም።»

«በልጆችሽ?»

«በልጆቼ።»

ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ተመስገን» ይላል ከውስጥ። «ተመስገን፣ ተመስገን።» ካንሰር አለብህ ተብሎ እንዲያ የተደሰተ ሰው ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ጋቢውን ሲገልጥ ወደ ትሪው ቀረበ፤ ቤዛን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ከአፏ የሚተርፍ ጉርሻ አጎረሳት። ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ እትዬ ውባለምን። ለአጎቴ ሲደርስ ጉርሻውን አየር ላይ ይዞ፣ «ከእንግዲህ በር ስትዘጋብኝ ባገኝህ እገነጥለዋለሁ» አለው።

ምሳው አልቆ እጁን ሳስታጥበው ድምፁን ሳይቀንስ፣ «ይሄ ካንሰር ይገድላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሊገድል ይችላል አባዬ። የአንተው ግን በመድኃኒቱ ይሸሻል ብሏል ሐኪሙ፤ እብጠቱም እየሸሸ ነው።»

አንገቱን ዳበስ ዳበስ አደረገ። «እንግዲያ አራተኛው መቼ ነው?» አለ።

እትዬ ውባለም የፈሰሰውን አብሽ እየወለወለች ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ፣ ምንድን ነው የምትማሪው? ዳኝነት ነው?»

«መምህርነት።»

«ተማሪዎችሽን ፈጣሪ ይርዳቸው» አለችኝ። እስከ ዛሬ ስንገናኝ ተማሪዎቼ ደኅና መሆናቸውን ትጠይቀኛለች።

በማግስቱ አባቴ ራሱ ስልኩን ተቀብሎ እናቴን ነይ አላት። የአደይ አበባው ሳይረግፍ አዲስ ሻሽ አስራ ደረሰች። የቀሩትን መርፌዎች እሷ ከጎኑ ተቀምጣ፣ እያዘነችም እየተጣላችውም፣ አስጨረሰችው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አርሷል። አርጅቶ ያረፈውም በሌላ ነገር፣ በቤቱ፣ ሰው እንደከበበው ነው።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት እማማ አለምነሽ የእጃቸውን ጫፍ ሲሰጡኝ ያ ሁሉ ነው ፊቴ ላይ የመጣው። ልጃቸው በሩ ሥር ቆሞ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። የራስጌ ጠረጴዛቸውን ሳይ ብርጭቋቸው ከሌሎቹ ተለይቶ፣ በወረቀት ተከድኖ ተቀምጧል። ወንበሬን ሳብ አድርጌ ጉልበታቸው ጋ ተጠጋሁ፤ እየሸሹኝ ጉንጫቸውን ሳምኋቸው።

«እማማ፣ ምን ሰምተው ነው?» አልኳቸው።

ልጃቸውን አዩት፤ ብርጭቆውን አዩት፤ ከዚያ እኔን።

«መጀመሪያ በሩን ዝጊው» አሉኝ።

«ክፍት ይሁን እማማ» አልኳቸው። «እሱም ይግባና ይስማ።»