ዱባይ ለዕረፍት

ልጃገረዱ ሁሉ ወደ ዓረብ አገር በሚጎርፍበት በዚያ ዘመን፣ ሴትዮዋ ቡታጅራ ወደሚገኘው የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ስትገባ ትኬት ሻጯ ሩፋይዳ ለሥራ የምትሄድ መስሏት ነበር። ሴትዮዋ "አሰላሙ አለይኩም" ብላ ተቀመጠችና ዱባይ ውስጥ መዋኛ ያለው ሆቴል፣ ባሕር የሚያሳይ ክፍል፣ በረሃው ላይም በመኪና መንሸራሸር እንደምትፈልግ ተናገረች።

"ለዕረፍት ነው የምሄደው" አለች፣ ቃሉን እያጣጣመች።

ከመስቃን በርበሬ እየሰበሰበች አዲስ አበባ የምታወርድ ነጋዴ ናት። ሻሿ ሐር ነው፤ ጥፍሮቿን ግን በርበሬው አቅልቷቸዋል። የሆቴሎቹን ፎቶ ለማየት ጎንበስ ስትል እጅጌዋ ተሰበሰበና ክንዷ ላይ የካውያ ጫፍ የመሰለ ጠባሳ ታየ።

ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ ወደ ዓረብ አገር የቤት ሠራተኛ የሚልክ ደላላ ዱባይ ሲባል ሰምቶ ጠጋ አላት። "እህቴ፣ እኔ ጥሩ ቤት አለኝ። ማዳሟ እንደ ልጇ ነው የምታይሽ።"

ብድግ ብላ አንገቱን አነቀችው። ፊቱን ከግድግዳው ጋር ደጋግማ አላተመችው፤ የአፍንጫው ደም ሸሚዙን አራሰው።

"እኔንም እንዲሁ ነው ያላችሁኝ!" እያለች ትጮኻለች።

ሩፋይዳ ወገቧን ይዛ ባትጎትታት ኖሮ ትገድለው ነበር። ሰውየው እየተንገዳገደ ወጥቶ ሄደ።

ሴትዮዋ ተመልሳ ተቀመጠች።

"ልጄ፣ የሆቴሉ ክፍል ከውስጥ ይቆለፋል?"

"ይቆለፋል፣ እትዬ።"

"ቁልፉስ ማን ጋ ነው የሚሆነው?"

"እርስዎ ጋ ነዋ።"

ሴትዮዋ ፓስፖርቷን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"በይ እንግዲያው፣ ትኬቱን ቁረጪልኝ።"