በአንድ ወረቀት የጠየቅነው ቤት

ባለፈው ሳምንት የሸዋ ሮቢት ወጣቶች ተሰባስበው፣ የቤት መሥሪያ ቦታ እንዲፈቀድ ለማዘጋጃ ቤት የጻፉትን ማመልከቻ ሊያስፈርሙኝ መጡ። ፈረምኩ። ከሄዱ በኋላ ግን ምሳም አልበላልህ አለኝ።

ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎኛል፤ በጣሊያን ጊዜ ሃያ ዓመቴ ነበር። የመኪናው መንገድ በወረዳችን በቀወት ሲያልፍ፣ አርበኛ ይደበቅበታል ተብሎ በዳርና ዳሩ ያለው ጎጆ ሁሉ ተቃጠለ። ክርስቲያኑም እስላሙም ግራር ሥር፣ በማሽላ አገዳ በተከለለ መጠለያ ተጠጋን። በጣርማ በር በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ፍርሃት ያዘን፤ በኛ ቆላ ዝናቡን ተከትሎ የወባ ንዳድ ይመጣል።

ሼህ እንድሪስ የሚባሉ ጎረቤታችን፣ ቤት መልሰን እንድንሠራ እንዲፈቅድልን ለጣሊያኑ ሹም እንድናመለክት መከሩን። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ፤ የቄስ ትምህርት ቀምሻለሁ።

«ሼህ፣ ሁላችንም በአንድ ወረቀት ብንጠይቅስ?» አልኳቸው።

«ይሁን ልጄ። ቃጠሎውም አልለየንም» አሉ።

የማሽላ ንፍሮ ቋጥረን፣ እኔና ሼኹ ጭምር አራት ሆነን ሄድን። ሦስት ቀን ደጅ ጠናን። በአራተኛው አስተርጓሚው ወጣ።

«እስላሞቹ ይሥሩ ተብሏል። ክርስቲያኖቹ ሽፍታ ስለሚቀልቡ አልተፈቀደላቸውም።»

ሼኹ ዞር ብለው አዩኝ። ልጃቸው ዘይነባ ንዳድ ይዟት መተኛቷን አውቃለሁ። «ግድ የለም፣ እናንተ ሥሩ» ማለት ነበረብኝ። ግን ሚስቴ እርጉዝ ነበረች፤ እሳቸው እምቢ ካሉ ምናልባት ለሁላችንም ይፈቀድ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

«የጠየቅነው አብረን ነው» አሉ ሼኹ። «ለሁሉም ካልሆነ ይቅር።»

ዘይነባ ሐምሌ ሳይወጣ እርጥብ አገዳ ላይ እንደተኛች ሞተች። መቃብሯን ስንቆፍር ዝናቡ ጉድጓዱን እየሞላ አስቸገረን፤ ውሃውን በቅል እየጨለፍን አወጣን። ሼኹን ይቅርታ ልጠይቅ ብጀምር አላስጨረሱኝም።

«የአላህ ቀድር፣ የእሱ ውሳኔ ነው። መልሱን የሰጠሁትም እኔ ነኝ» አሉኝ።

በዚያው ወር ሚስቴ በሰላም ተገላገለች። በጥቅምት፣ ለመንገዱ የቀን ሠራተኛ በቅርብ ሲፈለግ፣ ቤት መሥራት ለሁላችንም ተፈቀደ። መጀመሪያ የሼኹን ቤት ሠራን። ጣራውን ከድነን ስንወርድ እሳቸው ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር፤ ይግቡ እስኪባሉ አልገቡም።

ዛሬም ድረስ አገሬው የሼኹን ቃል እያነሳ ያመሰግናቸዋል፤ እኔም አብሬ አመሰግናለሁ። ያን ቀን «እናንተ ሥሩ» ብላቸው እሺ ይሉ እንደሆን አላውቅም። ምናልባት አይሉም ነበር። እኔ ግን አላልኳቸውም።