ያዘመመችው ሽቦ

ሌሊሴ መጀመሪያ ያየችው የጋሽ አነስን አውራ ጣት ነበር። ጥፍሩን የብየዳ ፍንጣሪ በሳስቶታል። እሳቸውም ያንን ጣት ጠረጴዛዋ ላይ ቀጥ አድርገው አቆሙና፣ «እንዲህ ነው የያዝሽው?» አሏት።

ሌሊሴ የልብ ሐኪም ናት። በጭናቸው የደም ሥር ቀጭን ሽቦ አስገብታ፣ ልባቸውን በከንቱ የሚያስጋልበውን ትርፍ የኤሌክትሪክ መስመር በሽቦዋ ጫፍ አቃጥላው ነበር። ሽቦዋ ግን ቀጥ ብላ ስለቆመች ጠባሳው ከምስር ፍሬ አልበለጠም፤ ልባቸው በሳምንቱ ተመልሶ ጋለበ።

«አዎ፣ ቆማ ነበር።»

«ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ብረት በይጃለሁ። ኤሌክትሮዱን ካቆምሽው ጠባብ ነው የሚይዝልሽ። አስተኚው፣ ይሰፋል።» ጣታቸውን በጎኑ አጋደሙት።

እሷ ከስንት ጥናት የለቀመችውን እኚህ ሰው ቀራንዮ ሰፈር በር ሲበይዱ አግኝተውታል! ዋናው የልብ መስመር ቅርብ እንደሆነ፣ ጠባሳው ደርሶ ከነካው በደረታቸው ልብን የሚያስመታ ባትሪ እንደሚቀበር ነገረቻቸው። ሳቁና ተስማምተው ፈረሙ። በሙያቸው ስትደነቅ ሙያቸውን ረሳችው።

በሁለተኛው ሕክምና ሽቦዋን አስተኛቻት። ግልቢያው ቆመ። ጠባሳው ግን ሰፍቶ ዋናውን መስመር ነካ፤ ባትሪውም ተቀበረ።

ቁስሉ እስኪድን ከብየዳ እንዲርቁ ታዘዙ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ወደ ሥራ መቼ እንደሚመለሱ ደውለው ጠየቋት፤ መልሱን በስልክ መናገር ስለከበዳት ራሷ ቀራንዮ ሄደች። ጋሽ አነስ ከሱቃቸው ማዶ፣ አስፋልቱን ተሻግረው ቆመዋል። አብሯቸው የሚሠራው ያደሳ ከሱቁ ደጅ የብየዳ መነጽሩን ገለጠ።

«ጋሼ! ቻርጀርዎ መጣች!»

«አንተ ማጠፊያውን አቅና! ይሄን በር ሌባ እንኳ አይከፍተውም።» ወደ እሷ ዞሩ። «ቁስሉ ድኗል ዶክተር። መቼ ልግባ?»

«አይገቡም፣ ጋሽ አነስ።»

«እስከ መቼ?»

«ባትሪው እስካለ ድረስ። የብየዳው ኤሌክትሪክ ያታልለዋል፤ ልብዎ በራሱ እየመታ ይመስለውና ዝም ይላል። ያን ጊዜ ይወድቃሉ።»

«አውጪው።»

«ካወጣሁት ልብዎ ብቻውን አይችልም። ከመፈረምዎ በፊት ልነግርዎት ይገባ ነበር። አልነገርኩዎትም።»

ማዶ የብየዳው እሳት ቦግ አለ። ጋሽ አነስ ዓይናቸውን አልከለሉም።

«አስተኚው ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«እጁ ግን የኔ ነበር። ብነግርዎት ኖሮ ይፈርሙ ነበር?»

«አሁን ምን ይጠቅምሻል?»

ከኪሳቸው የሱቁን ቁልፍ አወጡ፤ ግን አስፋልቱን ሊሻገሩ አልፈለጉም። እጇ ላይ አኖሩት። «ለያደሳ ስጪልኝ።»

ወደ ፌርማታው ቁልቁል ተራመዱ። ወያላው «ጦር ኃይሎች! አንድ ሰው!» እያለ ሊያስገባቸው በሩን ያዘላቸው፤ አልፈውት ሄዱ። ሌሊሴ ልትጣራ ፈለገችና ምን ብላ እንደምትጣራ ጠፋባት። ጋሽ አነስ በእኩል እርምጃ፣ ሳይቸኩሉ፣ ዞር ሳይሉ ራቁ።