እጄን ያወጣሁበት ቀን

የጠመኔ ብናኝ ሽታ አፍንጫዬን ሽው ባለኝ ቁጥር፣ ሞጣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ያሳለፍኩት ጥር ይመጣብኛል። ሥነ ዜጋ የምታስተምረን የገዛ እናቴ ነበረች፤ ክፍል ውስጥ እንደ ሌሎቹ «ቲቸር» እያልኩ፣ ቤት ስንገባ «እማዬ» እላት ነበር።

የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና አልቆ በእማዬ ክፍለ ጊዜ ለክፍላችን ድግስ ምን እንደሚቀርብ ስንመክር፣ አለቃችን አበጀ በግ ይታረድ አለ። አራጁ ክርስቲያን ስለሚሆን ሦስቱ ሙስሊም ልጆች ሥጋውን እንደማይቀምሱት ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከጎኔ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ዘይነብ ተነሥታ «እኛስ?» ብትል፣ አበጀ «በድምፅ ብልጫ ነው!» ብሎ እጅ አስወጣን። እኔም ግራ ቀኙን አይቼ አወጣሁ። ዘይነብ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እማዬም አንድ ቃል ሳትተነፍስ ውጤቱን ሰሌዳው ላይ ጽፋ ወጣች።

ያን ዕለት ቤት ውስጥ እማዬ ደብተር እያረመች ቀና ብላ አላየችኝም።

«አኮረፍሽኝ?» አልኳት።

«እጅሽን ስታወጪ ምን አሰብሽ?»

«ሁሉም አወጡ...»

«ስለ ሁሉም አልጠየቅኩሽም።»

«ታዲያ አንቺ ለምን አልከለከልሽንም?» ብዬ አለቀስኩ።

«ብከለክላችሁ እኔን ፈርታችሁ ትተዉት ነበር እንጂ ለዘይነብ ብላችሁ አይደለም» አለችኝ።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ቆሜ «ዘይነብ የማትበላውን እኔም አልበላም» አልኩ። አበጀ «እናቷ ናት የላከቻት!» ሲል ክፍሉ ሳቀብኝ፤ አፍሬ ልቀመጥ ስል ከኋላ አንዲት ልጅ «እኔም አልበላም» አለች። ክፍለ ጊዜው በጭቅጭቅ አለቀ፤ ሦስት ቀን ተኳርፈን ሰንብተን፣ በጉ ቀርቶ ዳቦና ለስላሳ እንዲሆን እያጉረመረምን ተስማማን። በድግሱ ዕለት ግን ዘይነብ ዳቦዋን ይዛ ሌላ ዴስክ ላይ ተቀመጠች፤ ወደ እኔ የተመለሰችው ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ በመስኮት እየገባ ሲያሸጋሽገን ነው። «ጠጋ በይ» አለችኝ፤ ከዚያ በላይ ስለ ነገሩ ተነጋግረን አናውቅም።

ዛሬ እኔም ቢቸና ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። የእማዬ ዝምታ ያኔ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን ተማሪዎቼ አንዱን ልጅ ሲያገልሉ መታገሥ ስለማልችል ቀድሜ እቆጣለሁ፤ እነሱም ወዲያው ይተዋሉ፤ ለማን ብለው እንደተዉት ግን ሳላውቅ ከክፍል እወጣለሁ።